ቀለም ቀቢውን ለጊዜው አስቁሚው

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጣና ዳር አካባቢ ጂ ፕላስ ቱ ሕንፃ አለን። ምድሩ የዓሣ ምግብ ቤት ነው፣ አንደኛ ፎቅ ፋርማሲና አንድ ቢሮ ተከራይተውታል፣ ሁለተኛ ፎቅ ስምንት የእንግዳ ክፍሎች ናቸው። የቡሄ ዕለት ማታ ኩሽና ውስጥ የዓሣ መጥበሻ ዘይት ተያያዘ። ልጁ ደንግጦ ውኃ ደፋበት። እሳቱ ወደ ስቶር ዘለለ፣ እዚያ የፕላስቲክ ወንበርና ትርፍ ስፖንጅ ፍራሽ ነበር። የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ አጠፋው። ሰው አልተጎዳም። ኩሽናውና ስቶሩ ነደዋል፣ የቀረው ጠቆረ እንጂ ደኅና ነው። ቀለም ቀቢ ጠራሁ፣ ‹ፍቄ፣ በበረኪና አጥቤ፣ ሁለት እጅ ቀብቼ ለእንቁጣጣሽ አስረክብሻለሁ› አለኝ። ቀብድ ልስጠው? ፍሪጆቹንስ ላብራቸው? ስድስት ቀን ሆነን፣ ሽታው አሁንም ዓይን ያቃጥላል።»

እህቴ፣ እንኳን ሰው ተረፈ። ልጁንም አትቆጪው። የተያያዘ ዘይት ላይ ውኃ መድፋት ማንም ያልተነገረው ሰው የሚያደርገው ነው፣ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ቀብዱን አትስጪ። ፍሪጆቹንም አታብሪ፣ እንዲያውም አሁኑኑ ከሶኬት ንቀዪያቸው። በረኪናውንም መልሺለት። እነዚህን ሦስቱን ካደረግሽ በኋላ ቁጭ ብለሽ ቀሪውን አንብቢው፣ ረዘም ይላል።

እኔ በእሳት የተጎዳ ሕንፃ ማደስ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሆቴል፣ መጋዘን፣ ሱቅ፣ አንዴ ደግሞ ማተሚያ ቤት። የሚያናድደኝ ነገር ምን መሰለሽ፣ እሳቱ ራሱ ከበላው ዕቃ ይልቅ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት የተበላሸውን ብዙ ማየቴ ነው። ሰው ነበልባሉ ሲጠፋ ጉዳቱም የቆመ ይመስለዋል። አልቆመም። አንቺ ይህን በጻፍሽበት ሰዓት ሕንፃሽ ውስጥ አሲድ እየሠራ ነው፣ ውኃ እየሠራ ነው፣ ኮንክሪቱም ገና አልተረጋጋም።

ከአሲዱ ልጀምር። ግድግዳሽ ላይ ያለው ጥቁር ነገር የማገዶ ጥቀርሻ አይደለም። እዚያ ስቶር ውስጥ የነደደው ፕላስቲክ ነው፣ ስፖንጅ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ነው። የሽቦ ልባስና የውኃ ቱቦ በብዛት ከፒቪሲ ነው የሚሠራው፣ ፒቪሲ ውስጥ ደግሞ ክሎሪን አለ። ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፣ ጋዙ ከጥቀርሻው ጋር ሄዶ በየቦታው ያርፋል፣ እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። ይህን አሲድ ታውቂዋለሽ፣ ሴራሚክ ሠራተኞች የተረፈ ሲሚንቶ የሚያጥቡበት ነው። እርጥበቱስ? በነሐሴ፣ ጣና ዳር፣ እርጥበት ተፈልጎ አይታጣም።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ሂጂና የበር እጀታዎቹን፣ የቧንቧ አፎቹን፣ የማይዝግ የሚባለውን የኩሽና ጠረጴዛ እዪ። ትንንሽ ቡናማ ነጠብጣብ ወይም ነጭ ብናኝ ካየሽ ጀምሯል። ያ አሲድ ፍሪጁ ውስጥ ያለችውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳም ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች እየበላ ነው። ጥቀርሻ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ከረጠበማ አትጠይቂኝ። ብታበሪው ሊተርፍ የነበረው ፍሪጅ በአንድ ሰከንድ ይሄዳል፣ ክፉ ቀን ከሆነ ሁለተኛ እሳት ይነሳል። ቴክኒሻን ከፍቶ፣ አቧራውን መጥጦ፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ ነው የሚሞከረው። ኮምፒውተሩም፣ የካሽ መመዝገቢያውም፣ ቴሌቪዥኖቹም እንደዚያው። ኩሽና ውስጥ እሳቱ የገረፋቸውን ፍሪጆች ግን እርሺያቸው፣ የበሩ ጎማና በግድግዳው መሃል ያለው ስፖንጅ ጭሱን ከጠጣ በኋላ አይለቅም።

ለብረት ነገር ደግሞ ዛሬውኑ የምታደርጊው ርካሽ ሥራ አለ። እጀታውን፣ ማጠፊያውን፣ ቧንቧውን በሳሙና ውኃ ጠርገሽ፣ አድርቀሽ፣ ስስ የስፌት መኪና ዘይት ቀቢው። ውበት የለውም ግን አሲዱን ያቆመዋል። አንድ ባለ ሆቴል ይህን ብነግረው «ቆይ ኢንሹራንሱ ይምጣ» ብሎ አሥራ አምስት ቀን ጠበቀ፣ የሃያ ሁለት መታጠቢያ ክፍል ቧንቧ ቀየረ።

ቀለም ቀቢሽ ያለውን ብታደርጊ ምን ይሆናል? ጥቀርሻው ቀለሙ ሥር ይቀራል። ተራ የውኃ ቀለም እንደ ወንፊት ነው፣ ሽታም ቢጫ እድፍም ያሳልፋል። ጥቅምት ላይ ደረቅ ስለሚሆን ሽታው ይደበቅና «ተገላገልኩ» ትያለሽ፣ የሚቀጥለው ሰኔ ዝናቡ ሲጀምር እንግዳሽ ትራስ ላይ ጋደም ሲል ጭስ ጭስ ይለዋል። በረኪናው ደግሞ ጥቀርሻ አያነሳም፣ ጭራሽ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ዝግ ክፍል ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ ሳንባው ይጎዳል።

አሁን ወደ ኮንክሪቱ። ይህ ከሁሉም የሚቀድም ጉዳይ ነው፣ እስካሁን ያላነሳሁት ፍሪጆቹን አብርተሽ እንዳትቀድሚኝ ፈርቼ ነው። መሐንዲስ አይቶ በጽሑፍ እስኪሰጥሽ ድረስ ስቶሩ ውስጥም ከስቶሩ ሶሌታ በላይ ባለው ክፍልም ማንም አይግባ። ፋርማሲው ከላይ ከሆነ ዛሬ ይዘጋ። ኪራይ ትቀንሻለሽ፣ ምን ይደረጋል።

ስቶሩ ከመጠረጉ በፊት፣ መሐንዲሱ ሲገባ አብሮ ወለሉ ላይ የቀለጠውን ሁሉ ፎቶ ያንሳ። የቀለጠ ነገር ቴርሞሜትር ነው። ፕላስቲክ ብቻ ቀልጦ ከሆነ ብዙ አይነግርም፣ የወንበርሽ ፕላስቲክ ከ200 ዲግሪ በታችም ይቀልጣል። የአሉሚኒየም ድስት ወይም የመስኮት ፍሬም ተንጠባጥቦ ከተገኘ ግን እዚያ ቦታ 660 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው። የቢራ ጠርሙስ እንደ ሰም ተጣጥፎ ከሆነ ከ700 በላይ። የመዳብ ሽቦ ቀልጦ ኳስ ከሠራ ወይ ከ1,000 በላይ ደርሷል ወይ ኤሌክትሪኩ ሾርት አድርጎ ነው፣ እሱን መለየት የባለሙያ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ የቀን ሠራተኛ በአካፋ ዝቆ ከጣለው መረጃሽ ገደል ገባ።

ለምን ዲግሪ እቆጥራለሁ? ኮንክሪት 300 ዲግሪ አካባቢ ካለፈ ጥንካሬው መውረድ ይጀምራል፣ 600 ላይ ግማሽ ያህሉን አጥቷል ብለሽ ማሰብ ነው። መጽሐፍ ላይ ኮንክሪት ሲሞቅ ወደ ሮዝ ይለወጣል ይላል፣ እውነት ነው፣ ግን በእናንተ አካባቢ ጠጠሩ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ ሁልጊዜ ቁልጭ ብሎ አይታይም። ቀለሙን አይቶ ብቻ «ደኅና ነው» የሚል ሰው አትመኚ። ፌሮው ሲግል ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጉልበቱን ይመልሳል፣ ከ600 በላይ ከሞቀ ግን አያስተማምንም። ኮንክሪቱ አይመልስም። እንዲያውም ከቀዘቀዘ በኋላም ይደክማል፤ በሙቀቱ የተበታተነው ኖራ ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እሳቱ በጠፋ በሳምንቱ ሶሌታ ከሥሩ ሲረግፍ ያየሁት ለዚህ ነው።

ደግሞ ላስፈራራሽ አይደለም። ሙቀት ወደ ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። እሳቱ ቶሎ ከጠፋ የተጎዳው ላይኛው ሁለት ሦስት ሳንቲም ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ልስኑ ካልረገፈ ደግሞ ልስኑ ራሱ ጋሻ ሆኖታል። መሐንዲሱ በመዶሻ ሲመታው ጥሩው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው የባዶ ቅል ድምፅ ነው ያለው። ከዚያ ሽሚት ሃመር በሚሉት መሣሪያ ጥንካሬውን ይለካል፣ ከተጠራጠረ ናሙና ቆርጦ ላብራቶሪ ይልካል። ባሕር ዳር ላይ ሆነሽ ሰው አጣሁ እንዳትዪኝ፣ የዩኒቨርሲቲው ፖሊ ካምፓስ ሄደሽ የሲቪል ምሕንድስና ሰዎችን ማንን እንደሚጠቁሙሽ ጠይቂ። ውጤቱ በወረቀት፣ በፊርማ ይሁን። «አይቼዋለሁ፣ ችግር የለውም» የሚል የስልክ ድምፅ ወረቀት አይደለም።

ውኃው። የእሳት አደጋ መኪና የረጨው ውኃ የት ሄደ? ወደ ታች ወርዶ ወለል ሥር፣ ብሎኬት ሆድ ውስጥ፣ ጂፕሰም ኮርኒስ ላይ ተኝቷል። ሻጋታ ለመነሳት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል፣ አንቺ ስድስት ቀን ሆኖሻል። አልሸተተኝም ብትዪ አይገርመኝም፣ የጭሱ ሽታ ስለሸፈነው ነው። ቁም ሳጥኖቹን ከግድግዳ ሳቢና ጀርባቸውን እዪ። የረጠበ ጂፕሰም ኮርኒስ አይታከምም፣ ይነሳ። የረጠበ ቺፑድም እንደዚያው፣ አንዴ ካበጠ አበጠ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ከታች ወለሉ አጠገብ በየብሎኬቱ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ፣ ከአንዳንዱ ውኃ እንደ ምንጭ ሲወርድ ታያለሽ።

ማድረቅ ላይ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንዱ ሌት ተቀን መስኮት ከፍቶ መተው ነው። በነሐሴ ብዙ ጊዜ ውጭው ከውስጡ የበለጠ ርጥብ ነው፣ በተለይ ማታና ንጋት ላይ፤ መስኮቱን እኩለ ቀን ፀሐይ ብልጭ ስትል ክፈቺ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ዝጊ፣ በተዘጋ ሰዓት የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ማራገቢያ ይሥራ። የሚሠራው ግን መስመሩን ኤሌክትሪሲያን ከቆጣሪው ጀምሮ ከፈተሸው በኋላ ነው፣ ካልሆነ ከጀነሬተር ለብቻው ገመድ ዘርጊ። እርጥበት መምጠጫ ማሽን የሚያከራይ ካገኘሽ ሳትከራከሪ ውሰጂ። ሁለተኛው ስህተት ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ይህን አታድርጊ። ግድግዳ ሳይደርቅ ሰው ይሞታል።

ደርቋል ወይ የሚለውን በእጅ ዳሰሳ አትወስኚ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ቁረጪና አራቱን ጎን በፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽጊው። በማግስቱ ከላስቲኩ ሥር ላብ ካለ ገና ነው። በክረምት የብሎኬት ግድግዳ ሳምንታት ይወስዳል፣ ይህን ቀለም ቀቢሽ እንደማይወደው አውቃለሁ።

ጽዳቱ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም «የቀረው ጠቆረ እንጂ ደኅና ነው» ያልሽው ነገር አስጨንቆኛል። ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም። አንቺ ቤት ሁለት ዓይነት አለ፣ አንደኛው ጭራሽ ጥቁር አይደለም።

እሱ የዓሣውና የዘይቱ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ከነዘይቱ ሲያርር የሚወጣው ጭስ ግድግዳ ላይ ስስ ቢጫ ቅባት ሆኖ ይለጠፋል፣ ዓይን አያየውም። መመገቢያ አዳራሽሽ «ያልተነካ» ይመስልሻል። ነጭ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክረሽ ግድግዳውን አንዴ ጥረጊው፣ ጨርቁን አሽትቺው፣ ከዚያ እናውራ። ከሁሉም የሚከረፋውና ቀለም የሚያስለቅቀው ይኸኛው ነው። ቅባት በሚያነሳ ጠንካራ ማጽጃ፣ በሙቅ ውኃ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ መታጠብ አለበት። ወንበሩ ሥር፣ የጠረጴዛው ሆድ፣ የአምፖሉ አናት ሳይቀር።

ሌላው የስፖንጁና የፕላስቲኩ ነው። ይህ ታፍኖ የነደደ ስለሆነ የሚያጣብቅ ጥቁር ነው፣ ስትፈትጊው ይሰራጫል እንጂ አይነሳም። በደረጃው ወደ ላይ ወጥቶ እንግዳ ክፍሎቹ ውስጥ ገብቷል። ጭስ ቀዝቃዛ ቦታ ይወዳል፣ ስለዚህ መጋረጃ ጀርባ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የሶኬት ሳጥን ውስጥ ሳይቀር ታገኚዋለሽ። ኮርኒሱ ጥግ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ጥቁር ነገር ተንጠልጥሎ ካየሽ ሸረሪቷን አትውቀሺ፣ ጥቀርሻው ራሱ እየተያያዘ የሠራው ሰንሰለት ነው።

ለዚህኛው ውኃ የመጨረሻ ነው፣ የመጀመሪያ አይደለም። መጀመሪያ ሄፓ ማጣሪያ ባለው ቫኪዩም ይመጠጣል። ተራው ቫኪዩም ደቃቁን በጀርባው መልሶ ይተፋዋል። ቀጥሎ ለጥቀርሻ የሚሠራው ደረቅ የጎማ ስፖንጅ አለ፣ ከኮርኒስ ጀምሮ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ሳይፈተግ ይጎተታል፣ ፊቱ ሲሞላ በቢላ ይላጣል። ከዚያ በኋላ ነው ማጠብ። አሲድ ስለሆነ ማጽጃው ሶዳነት ያለው መሆን አለበት፣ የልብስ ሶዳ በሙቅ ውኃ ብዙ ያግዛል፤ አሉሚኒየም ላይ ግን አታስነኪው፣ ያጠቁረዋል። ሲታጠብ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ነው። ከላይ ከጀመርሽ ቆሻሻው ውኃ ደረቁ ግድግዳ ላይ ሲወርድ የማይለቅ መስመር ያሰምርብሻል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ሙሉ ግድግዳ ሲያበላሽ ቆሜ አይቻለሁ።

እጣቢውን ወደ ጎርፍ ቦይ አታስደፊ። ቦዩ የት እንደሚያበቃ አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂያለሽ። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል፣ እምቦጩ ደግሞ ከሳሙናና ከማዳበሪያ የሚወርድለትን ምግብ እየጠበቀ ነው። በርሜል ውስጥ አጠራቅመሽ በሴፕቲክ መጣጭ መኪና ይወሰድ።

ሠራተኞቹ የሚያጸዱት በባዶ እጅና አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው ከሆነ አስቁሚያቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ራሱን ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ሥራዎች ተርታ መድቦታል፣ አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለው ጭስና ጥቀርሻ ነው። ቢያንስ ኤን 95 ማስክ፣ መነጽር፣ የጎማ ጓንት፣ ሙሉ ቱታ። ቱታው እዚያው ይውለቅ፣ ቤት ልጆች ጋ አይሂድ። ጣራው ላይ የድሮ ኤተርኒት ካለና ከተሰነጠቀ ደግሞ አይሰበር፣ አይጠረግ፣ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ውኃ ረጭተሽ ሰው እንዳይነካው አድርጊ።

የሚጣለውን በፍጥነት ልበል። የእንግዳ ክፍል ስፖንጅ ፍራሽና ትራስ፣ ይጣል። አንሶላና ፎጣ ታጥቦ ይተርፋል፣ ግን ተራ ሳሙና ከመግባቱ በፊት በሶዳ ይዘፍዘፍ። ክፍት የነበረ ምግብ ሁሉ፣ ዱቄትም ቅመምም፣ ይጣል። ሙቀት ያገኘው የታሸገ ቆርቆሮና የጠርሙስ መጠጥም ይጣል፣ ቆርኪ ጭስ አያግድም። እሳት የገረፈው የጋዝ ሲሊንደር ዳግም አይሞላ፣ ለሻጩ ይመለስ። የፋርማሲው መድኃኒት የተከራይሽ ኃላፊነት ነው፣ ቢሆንም ሙቀትና ጭስ ያገኘው መድኃኒት ለሽያጭ እንዳይወጣ፣ ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ አንቺም ንገሪው። «ማሸጊያው ደኅና ነው» ካለሽ አትስሚው።

ሽታው። ዓይን የሚያቃጥለው አሁን ያወራነው አሲድና ጋዝ ነው፣ ምንጩ ሲወጣ አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። ዕጣን ማጨስ፣ ቡና መቁላት፣ ሽቶ መርጨት ጭስ ላይ ጭስ መጨመር ነው። ሁሉም ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አሁንም ትንሽ ካለ ኦዞን የሚባል ሽታ አጥፊ ጋዝ የሚያመነጭ ማሽን የሚያመጣልሽ ሰው ይኖር ይሆናል። ይሠራል፣ ግን ሰውም እንስሳም ተክልም በሌለበት ክፍል ብቻ፣ ከዚያም በደንብ ተናፍሶ። ጽዳቱን ሳይጨርስ ኦዞን ላስገባ የሚልሽ ሰው ሥራ እያሳጠረ ነው። የመጨረሻው እርምጃ ግድግዳውን ማሸግ ነው፣ በውኃ ቀለም ሳይሆን በሼላክ ፕራይመር። ሼላክ ማለት አናጺዎች ጎማላካ የሚሉት ነው፣ ሽታና እድፍ ይዞ ያስቀራል። ቀለም ቀቢሽ ያኔ ይምጣ። እስከዚያ ደግሞ አትጣዪው፣ በእሱ ሙያ ጥሩ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፣ የመጣው ግን አንድ ወር ቀድሞ ነው።

ኢንሹራንስ እንዳለሽ አልጻፍሽልኝም። ካለሽ ዛሬ፣ ነገ አይደለም፣ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ቅጂ ላይ «ደርሶናል» አስፈርሚ። ውሉ ላይ የማሳወቂያ ቀን ገደብ አለ፣ አጭር ነው፣ ስድስት ቀን ቀላል አይደለም። የእሳት አደጋውና የፖሊስ ማስረጃም ይያያዝ። ገማቹ እስኪመጣ ምንም አትንኪ የሚሉሽ ሰዎች አሉ፣ ግማሽ ልክ ናቸው። የተቃጠለውን አትጣዪ፣ አንድ ጥግ ከምሪው። ግን ጉዳቱ እንዳይሰፋ ማድረግ የአንቺው ግዴታ ነው፤ ጣራ ላይ ሸራ መወጠር፣ ውኃ ማውጣት፣ ብረት ዘይት መቀባት። ከመጀመርሽ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ ቅረጪ፣ ደረሰኝ ሁሉ ያዢ። ዝገቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጣ «ይህ በቸልተኝነት የመጣ ነው» እንዳይሉሽ።

አንድ ሒሳብ ደግሞ ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው የሚሰበርበት ነው። ሕንፃሽ ዛሬ 20 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል፣ ውሉ ላይ የተጻፈው 10 ሚሊዮን ነው። 4 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ 4 ሚሊዮን አይሰጡሽም፣ 2 ሚሊዮን ነው። ግማሹን ብቻ ስላስመዘገብሽ ግማሹን ይከፍሉሻል፣ ቀሪውን አንቺ ራስሽን እንዳስመዘገብሽ ይቆጠራል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የፍሪጁም፣ የጀነሬተሩም፣ የሴራሚኩም ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። ውልሽ ከዚያ በፊት በተጻፈ ዋጋ ብቻ እየታደሰ ከመጣ ሳይጠይቁሽ አንቺ ቀድመሽ ጠይቂ።

ሥራውን የሚይዝ ሰው ስትመርጪ ዋጋውን መጨረሻ ጠይቂ። መጀመሪያ «ከምን ትጀምራለህ?» በዪው። «ከማጠብ» ካለ አመስግነሽ ሸኚው። ከማድረቅና ከደረቅ ጥቀርሻ ማንሳት የሚጀምር፣ የመሐንዲስ ወረቀት የሚጠይቅ፣ ግድግዳ የሚለካበት መሣሪያ ከቦርሳው የሚያወጣ ከሆነ ሻይ አቅርቢለት። ውሉ በክፍል በክፍል ይሁን፣ ክፍያም ክፍሉ ደርቆና በነጭ ጨርቅ ተፈትኖ ሲያልፍ። እንዲህ ያለ ሙሉ ድርጅት ባታገኚ እንኳ መሐንዲስ፣ ኤሌክትሪሲያንና የሠለጠነ የጽዳት ቡድን ለየብቻ ይዘሽ በዚህ ቅደም ተከተል መምራት ይቻላል። ከባድ ነው፣ ግን ዓሣ ቤት ያስተዳደረች ሴት አያቅታትም።

ወደ ልጁ ልመለስ። የመጥበሻ ዘይት 360 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማንም ሳይለኩሰው ራሱ ይያያዛል። ውኃ ሲደፋበት ውኃው ሥር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ መጠኑ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ጊዜ ያህል ይጨምራል፣ የሚነደውንም ዘይት ይዞት ይፈነዳል። ወደ ስቶር የዘለለው እሱ ነው። ጋዙን መዝጋት፣ በብረት ክዳን ወይም ውኃው በደንብ ተጨምቆ በወጣለት ወፍራም እርጥብ ጨርቅ መክደን፣ ከዚያ እጅን አንስቶ መራቅ ነው። አዲሱ ኩሽና ሲሠራ ለምግብ ዘይት የተዘጋጀውን ባለ ፈሳሽ ኬሚካል ማጥፊያ አስገቢ፣ ሌላው ዓይነት ዘይቱን ሊረጨው ይችላል። የጭስ መውጫውም በየጊዜው ቅባቱ ይጠረግ፣ ፍራሽና ፕላስቲክ ደግሞ ከኩሽና ጋር ግድግዳ አይጋራ።

ለእንቁጣጣሽ ትደርሺያለሽ ወይ? ሕንፃው አይደርስም። ዛሬ ነሐሴ 19 ነው፣ ከነጳጉሜው 17 ቀን ነው የቀረሽ፣ ግድግዳሽ በዚያ ጊዜ አይደርቅም። እንግዳ ክፍሎቹን ከጥቅምት በፊት አታስቢያቸው፣ ቅድሚያ ክፍያ የከፈለ ካለ ከአሁኑ ደውለሽ መልሺለት። ግን ከሕንፃው ራቅ ያለ፣ ወደ ሐይቁ የሚያይ ግቢ ካለሽ፣ መሐንዲሱም ያን ጎን ካጸደቀልሽ፣ ለመስቀል ድንኳን ጣይበትና ዓሣውን ደጅ ጥበሺ። ክዳኑን ግን ከመጥበሻው አጠገብ አስቀምጪ።